የቄሰ ገበዝ አውራ ጣት

ማክሰኞ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ማንቆርቆሪያውን ከክዳኑ እያዛመድኩ ነበር፤ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ክዳኑ በአንድ ካርቶን፣ ገላው በሌላ ካርቶን ሆኖ ነው የሚደርሰን። መልእክቱ አዲስ አበባ ካለችው ከእትዬ ሰናይት ነው። ፎቶ። የመካነ ሰላም ኔትወርክ ደግሞ ፎቶን የሚያስገባው እንደ ሙሽራ ነው፤ ቀስ እያለ፣ እየተግደረደረ። መጀመሪያ ጥቁር ጣሪያ ታየ። ቀጥሎ የመስታወት ሳጥን ጫፍ። ቀጥሎ የመስቀል አናት፤ ያን መስቀል ዓይኔን ጨፍኜም አውቀዋለሁ። እዚያ ላይ ቆመ። በር ላይ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት።

"ሐያት፣ ዝናብ እየለመንሽ ነው?" ብሎኝ አንድ ባለባጃጅ አለፈ።

በመጨረሻ ከመስቀሉ ሥር የተለጠፈችው ነጭ ወረቀት ወረደች። ሁለት መስመር ጽሑፍ አላት። አነበብኳት። ደግሜ አነበብኳት። ከዚያ ጮህኩ።

አባቴ ከጓዳ እየሮጠ ወጣ። "ምንድን ነው? ማን ሞተ?"

"አባ፣ የኔ ዓረፍተ ነገር ነው! ሙዚየም ውስጥ! በመስታወት ውስጥ!"

ስልኩን ተቀበለኝና ራቅ አድርጎ፣ ቀረብ አድርጎ አየው። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ አነበበው። "ማሻ አላህ" አለ። ወዲያው ግን ነጋዴነቱ መጣበት። "ስምሽ የታለ?"

ስሜ የለም። እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ የጸሐፊ ስም አይጻፍም አሉ። ወላሂ ምንም አልመሰለኝም። አዲስ አበባ ባለ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ፣ የማላውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ የጻፍኩትን ያነባል። ከዚህ በኋላ ማንቆርቆሪያዎቹን ማዛመድ አልቻልኩም፤ ትልቁን ክዳን በትንሹ ላይ እየደፋሁ አመሸሁ።

ትዝታ የሽማግሌ ነው ይባላል። እኔ ገና አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ "ዱሮ" ብዬ ስጀምር ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ግን ሰው የሚያስታውሰው ነገር ካለው ዕድሜው ለምን ይጠበቃል? ያቺ ዓረፍተ ነገር እንዴት እንደተጻፈች ዛሬ ካልተናገርኩ ነገ የደስታዬ ሙቀት ይበርዳል። ስለዚህ ዱሮ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ…

ጥር ነበር። ጥር እኛ አገር ደረቅ ብርድ ነው። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይነጣል፣ ረፋድ ላይ ያቺው ፀሐይ ጀርባ ትጠብሳለች። ገበሬው አውድማ ላይ ነው፤ ከከተማ ትንሽ ወጣ ካሉ የጭዱ ብናኝ አፍንጫ ይኮረኩራል። መንገድ ዳር ሴቶች እሸት ሽምብራ ከነሥሩ እየነቀሉ በእስር በእስሩ ይሸጣሉ፣ ልጅ አዋቂው እየፈለፈለ ይሄዳል፣ መንገዱ ሁሉ በአረንጓዴ ልጣጭ ይሸፈናል። በዚያ ሰሞን አንዲት ሴት ከደሴ በአቀስታ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ፣ ሁለት የብረት ሣጥን ይዛ ከተማችን ገባች። የሙዚየም ሠራተኛ ናት ተባለ። ሥራዋ ምንድን ነው ሲባል፣ ያረጀ ብረት፣ ነሐስ፣ መዳብ መጠገንና መጠበቅ። የመጣችው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ ያለው ደብር ያሉትን የቆዩ መስቀሎች አይታ ልትመዘግብ፣ ለአንድ ዐውደ ርእይ የሚሆን ካለም በውሰት ልትጠይቅ ነው።

"ዝገት ለማየት ከአዲስ አበባ ድረስ?" አለ አባቴ። "የኔን ጓሮ በርሜል ብታይማ በደስታ ታለቅሳለች!"

አብሯት ሊመጣ የነበረው ጸሐፊ ታሞ ቀርቶባት ስለነበር ትምህርት ቤታችን ሄዳ "ጽሕፈቱ የሚነበብ ተማሪ ስጡኝ" አለች። የአማርኛ አስተማሪያችን እኔን ላከኝ። ያኔ የምጽፈው ነገር ሁሉ ቆንጆ እንደሆነ አምን ነበር። ደብተሬ ዳር ላይ ቤት የሚመታ ነገር እጽፍና ለራሴ ጮክ ብዬ አነባለሁ። እንዲህ ዓይነት ልጅ ናት የተላከችላት።

እትዬ ሰናይት አርባ ዓመት ያለፋት፣ ረጋ ያለች፣ ግንባሯ ላይ መብራትና አጉሊ መነጽር የምታስር ሴት ናት። አጉሊውን ዓይኗ ላይ ስታወርደው ዓይኗ ሎሚ ያክላል። በመጀመሪያው ጠዋት አርባ ደቂቃ በእግር ተጉዘን፣ ገለባው ገና ያልተነሣለትን ማሳ አቋርጠን ደብሩ ደረስን። ዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ቄሰ ገበዝ ይመር እየጠበቁን ነበር። ቄሰ ገበዝ ማለት የደብሩ ንብረት ሁሉ በእጁ ያለ ካህን ነው፤ ቁልፉም፣ መጋረጃውም፣ መስቀሉም። እሳቸውን ከልጅነቴ አውቃቸዋለሁ። ከተማ ሲወርዱ ሱቃችን ደጃፍ አረፍ ብለው ከአባቴ ጋር ስለ ዝናብና ስለ ጉልበት ሕመም ይጨዋወታሉ።

"ደግሞ አንቺ የማን ጸሐፊ ሆነሽ መጣሽ?" አሉኝ።

"የዝገት፣ አባ።"

"አብሽሪ፣ እዚህ ዝገት አታገኚም። እኔ እያለሁ!"

እትዬ ሰናይት መስቀሎቹን አትነካም ነበር። ንዋየ ቅድሳት የሚይዘው የካህን እጅ ነውና፣ ይህን አውቃው ነው የመጣችው። "ሙዚየም ውስጥ በገዛ እጄ እሠራለሁ፤ እዚህ እጄ የቄሰ ገበዝ እጅ ነው" አለችኝ። እሳቸው ይዘው ያዞሩላታል፤ እሷ ከአንድ ስንዝር ላይ ሆና ታያለች፤ ያየችውን ትናገራለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ሦስት ሰው ለአንድ ዕቃ።

"አባቴ፣ ትንሽ ወደ ግራ። አሁን ወደ ፀሐይ። ቀስ።"

"ልጄ፣ አርባ ዓመት ይዤዋለሁ። አንቺ ዛሬ ስለመጣሽ አይወድቅብኝም።"

በዚያ ቀን የተማርኩትን በአንድ ዓመት የክፍል ትምህርት አልተማርኩትም። ነሐስ ላይ የሚታየው ጥቁርና አረንጓዴ ነገር ሁሉ ቆሻሻ አይደለም። ለስላሳው፣ ጠቆር ያለውና እንደ ቆዳ የተጣበቀው ጠባሳ ነው፤ ብረቱ ራሱን ሸፍኖበታል፣ ጠባሳ ደግሞ አይላጥም። ነጣ ያለው፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚረግፈው ግን ቁስል ነው፤ ውስጥ ውስጡን መብላቱን አላቆመም፤ እርጥበት ሲያገኝ ይብስበታል። የእሷ ሥራ ጠባሳውን ከቁስሉ መለየት ነው። ሙዚየሙ ውስጥ ምድር ቤት ያለች ክፍል ውስጥ፣ ከስፌት መርፌ በቀጠነ መሣሪያ፣ በአጉሊ መነጽር እያየች፣ ቁስሉን ብቻ ነጥላ ታነሣለች።

"አንድ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ቦታ ስንት ቀን ይፈጃል?" አልኳት፤ ምሳችንን በልተን ሽምብራ እየፈለፈልን።

"ብረቱ ከፈቀደልኝ አንድ ሳምንት።"

"ካልፈቀደልሽስ?"

"እተወዋለሁ። ከኔ በኋላ ከኔ የተሻለች ትመጣለች።"

ይህን ስትል የያዝኳት ሽምብራ ከእጄ ወደቀች። እኔ ቤት ውስጥ አንድ ድስት ለማጠብ አምስት ደቂቃ ካለፈኝ የማጉረመርም ልጅ ነኝ። አንድ ሰው ለጥፍር ያህል ቦታ ሳምንት ሙሉ ትንፋሹን ውጦ ይቀመጣል? ከዚያ ወዲህ እጇን ባየሁ ቁጥር የሆነ ፍርሃት የሚመስል አክብሮት ይይዘኝ ጀመር።

ለኔ የሰጠችኝ ሕግ አንድ ብቻ ነው። "ያየሽውን ጻፊ። ያሰብሽውን አይደለም።"

በሁለተኛው ቀን ቄሰ ገበዝ ትልቁን መስቀል አወጡ፤ በየጥምቀቱ ከታቦቱ ፊት የሚሄደውን። ቀዩን ጨርቅ ሲገልጡት ፀሐይዋ አረፈችበትና ሁላችንም ዓይናችንን አጠበብን። ካምናው እጥበት ወዲህ ጠርዙ ቡናማ ቢልም መካከሉ አሁንም እንደ ወርቅ ያበራል። ፈገግ አሉ፤ እንዲህ በኩራት ሲፈግጉ አይቻቸው አላውቅም። "ይኸው" አሉ።

እትዬ ሰናይት አጉሊውን አወረደች።  ቀና ስትል ለኔም አሳየችኝ። መስቀሉ መካከል ላይ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ተቀርጻለች። የልብሷ እጥፋት አለ። የሕፃኑ እግር አለ፤ ጣቶቹ ይቆጠራሉ። ፊቷ ግን የለም። የራሷ ክብ መስመር ውስጥ ባዶ፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ነሐስ ብቻ። የሕፃኑም ፊት እንዲሁ። በግራና በቀኝ ያሉት መላእክትም እንዲሁ። አራት ራስ፣ ፊት የለሽ።

በምሞላው የምዝገባ ቅጽ ላይ "የጉዳቱ ምክንያት" የምትል ቦታ አለች። እትዬ ሰናይት የግንባሯን መብራት ባትሪ ልትቀይር ዞር ስትል "ያየሽውን ሙይበት" አለችኝ። መስቀሉ በየዓመቱ በከተራ ጠዋት በሎሚና በአመድ እንደሚታሽ ቄሰ ገበዝ ራሳቸው በኩራት ነግረውን ነበር። እኔም ብዕሬን አሾልኩና እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ጠባቂው ባለማወቅ አጥቦ አጥቦ ፊቷን አጥፍቷታል።" አጥቦ አጥቦ፣ አጥፍቷታል። ድምፁ በጣም ደስ አለኝ።

ማታ ማታ የተጻፈው ለጠባቂው ይነበባል፤ ልክ ነው ካሉ ይፈርማሉ። እኔም ተነሥቼ፣ እንደ ሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት አንገቴን አቅንቼ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ድምፄን ይበልጥ ከፍ አደረግኩት።

 ቄሰ ገበዝ መስቀሉን ወደ ራሳቸው አዙረው አዩት። በዓይን እንደዚያ ቀረብ ብለው አይተውት የማያውቁ መሰለኝ፤ በጣት ነበር የሚያውቁት። ከዚያ ቀዩን ጨርቅ አለበሱት።

"ልክ ነሽ" አሉኝ። ዕቃ ቤቱን ቆለፉ። ቁልፉን ወገባቸው ላይ አሰሩ። "ከነገ ወዲያ ከተራ ነው። ሥራ አለብኝ።" ሳይፈርሙ ሄዱ። ከኋላቸው ሳያቸው ከጠዋቱ ይልቅ አጭር ሆነው ታዩኝ።

እትዬ ሰናይት አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በቀለለኝ። ሣጥኖቿን እየዘጋች "ያለ ፊርማቸው ይሄ ሁሉ ወረቀት ነው" አለች። "በሩንም ከእንግዲህ አይከፍቱልንም ይሆናል። መስቀሉም ከነገ ወዲያ እንደገና ይታሻል። ያቺ የሕፃኑ እግር ስንት ጥምቀት የምትቆይ ይመስልሻል?"

"ግን እውነት ነው የጻፍኩት!"

"'ባለማወቅ' ብለሻል። የት አየሽው? መስቀሉ ላይ በየት በኩል ነው ያለው? ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?"

 ያን ማሳ አቋርጬ ስመለስ እያለቀስኩ ነበር፣ ጭዱ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው እያልኩ።

አባቴ ነገሩን ሰምቶ ለመጀመሪያ ጊዜ አልቀለደም። "ያኔ ነፋሱ የሱቃችንን ጣሪያ ሲገነጥለው፣ ቆርቆሮውን በአንድ ጫፍ እኔ በአንድ ጫፍ ቄሰ ገበዝ ይዘን ነው የዋልነው" አለኝ። "ነገ ሂጂና አውፍ በሉኝ በያቸው። ደግሞ ስጦታ እንዳትይዢ። ስጦታ ይዞ የሄደ ሰው ዕቃውን አስረክቦ፣ ይቅርታውን ሳይናገር ነው የሚመለሰው።"

ባዶ እጄን ሄድኩ። ቄሰ ገበዝ ግቢያቸው ውስጥ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀምጠው የወይራ አመድ በነጠላ ጨርቅ ይነፋሉ። ቁና ሙሉ ሎሚ አጠገባቸው አለ፤ ከዓባይ በረሃ በኩል ለዚሁ ብለው ያስመጡት። አመዱ ከጨርቁ ሥር እንደ ጉም ይወርዳል። ቆሜ ቀረሁ።

"አውፍ በሉኝ፣ አባ።"

"አውፍ ብያለሁ።" አመዱን መንፋታቸውን አላቆሙም። "ግን ጽፈሽዋል።"

"ልሰርዘው?"

"እውነት ከሆነ ለምን ይሰረዛል?"

"እውነት መሆኑን አላየሁም። ሲያጥቡት አላየሁዎትም።"  "ያሳዩኝ። እንዴት እንደሚያጥቡት ያሳዩኝና ያየሁትን ልጻፍ።"

ጨርቁን አስቀመጡ። ከዚያ ገቡና ከቤታቸው አንዲት የነሐስ ዋንጫ ይዘው ወጡ። ሎሚውን ለሁለት ከፈሉ። አመዱን በሎሚው ገጽ አነሡ። ቀኝ አውራ ጣታቸውን ዋንጫው ላይ አሳረፉና ከታች ወደ ላይ፣ ከታች ወደ ላይ፣ በትንንሽ ክብ ክብ ያሹ ጀመር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ውዳሴ ማርያም ነው የሚደግሙት፤ አንድ ክፍል ሲያልቅ ጣቱ ቦታ ይቀይራል። የሎሚው ሽታ ግቢውን ሞላው።

"አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር" አሉ እያሹ። "የዚያን ጊዜው ቄሰ ገበዝ ዓይናቸው ደክሞ ሥራውን ለኔ ሰጡኝ። ወንዙ ማዶ ቁልቁለቱ ላይ የሚቆም ሕዝብ አለ፤ ታቦቱ አጠገብ መድረስ የማይችል፣ ሽማግሌው፣ አራሷ፣ እግሩ የታመመው። በዚያ ዓመት አንዲት ዓይነ ደካማ አሮጊት ከማዶ እልል ብላ 'አየኋት! አየኋት!' አለች። ከዚያ ወዲያ እንዴት ልተው? ከሩቅ ያለው ሰው እንዲያያት ብዬ ነው እኮ።"

እኔ በዚያን ጊዜ እንደ እትዬ ሰናይት ከአንድ ስንዝር ላይ ሆኜ እጃቸውን እያየሁ ነበር። ያየሁትን ለማመን ሁለቴ ዓይኔን አሸሁ።

"አባ፣ ጣትዎ!"

አውራ ጣታቸው ጫፍ ላይ ምንም መስመር አልነበረም። ሰው ሁሉ ጣት ላይ ያለው ያ ክብ ክብ መስመር የለም። ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባዶ ነው።

ሳቁ። ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። "እሱማ! አዲሱን መታወቂያ ላወጣ ቀበሌ ሄጄ ማሽኑ እምቢ አለኝ። ልጁ 'አባ፣ እጅዎን ታጥበው ይምጡ' አለኝ። ታጥቤ መጣሁ። አሁንም እምቢ። 'አባ፣ እርስዎ እኮ አሻራ የለዎትም' አለኝ። 'ታዲያ ሰው አይደለሁም?' አልኩት። በሌላው ጣት ገላገለኝ።"

መሬት ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጻፍኩ። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። ቤት የሚመታው ሁሉ እየመጣ አስቸገረኝ፤ አንድ በአንድ አባረርኩት። በመጨረሻ የቀረችው ይህች ናት፦

"የእመቤታችን ፊትና የጠባቂው የአውራ ጣት አሻራ፣ በየጥምቀቱ ለአርባ ዓመት ሲተሻሹ፣ አብረው ጠፍተዋል።"

ይህን ጊዜ ዝግ ብዬ ነው ያነበብኩላቸው። "ድገሚልኝ" አሉ። ደገምኩ። አውራ ጣታቸውን ወደ ብርሃኑ አነሡ፤ አገላብጠው ተመለከቱት፤ ቀስ ብለው በመዳፋቸው ውስጥ ጨበጡት።

"ታዲያ ፊቷ እዚህ ነው ያለው በይኛ" አሉ።

 ሎሚዎቹን ወደ ቁናው መለሱ። ከዚያ ድንገት ተነሡ። "ነይ፣ ሴትዮዋን ጥሪያት። የማሳያት ነገር አለ።"

ዕቃ ቤቱ በረንዳ ላይ ስንደርስ መጀመሪያ ቅጹን ጠይቀው ፈረሙ፤ ስማቸውን በቁም ጽሕፈት፣ እያንዳንዱን ፊደል እየሳሉ። ቀጥሎ ከጥግ አንድ የቆዳ ስልቻ አወጡ። ከውስጡ አንድ ክንዷ የተሰበረ፣ መዳፍ የምታክል መስቀል ወጣች። ከላይ እስከ ታች አረንጓዴ ናት። "ይቺ በአባቴ ዘመን ከእህል ጉድጓድ የወጣች ናት" አሉ። "ዝገት ስለበላት ከስልቻዋ አትወጣም። ነገ ጠዋት በመጀመሪያ እሷን አሽቼ ላስገርምሽ ነበር። እንግዳ ያን ያህል መንገድ መጥቶ ዝገት አይቶ ይመለሳል? ነውር ነው ብዬ።"

እትዬ ሰናይት አጉሊውን አወረደች። ጎንበስ አለች። ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ።

"አባቴ። እንዳያንቀሳቅሷት። ስለ እመቤታችን ብለው እንዳያንቀሳቅሷት።"

እሳቸው እንደ ሐውልት ቆሙ።  አንዲት ወፍ ቆርቆሮው ላይ ትራመድ ነበር፤ የእግሯ ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ አጉሊውን ከግንባሯ ፈታችና እኔ ላይ አሰረችው።

መጀመሪያ ያየሁት አረንጓዴ ብቻ ነው። ቀጥሎ መስመር። ቀጥሎ ሌላ መስመር አቋርጦት። ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ፣ ከታች። ጨርቅ ነው! የዝገቱ ገጽ ላይ ጨርቅ አለ፤ እያንዳንዷ ክር፣ የክሯ ጥምዝ ሳይቀር። በጣት ሊነካ የሚችል ጨርቅ ግን አይደለም። ጨርቁ ራሱ አፈር ውስጥ በስብሶ ካለቀ ስንት ዘመኑ! ዝገቱ ነው፣ ክሩ ሲበሰብስ በየክሩ ቦታ እየገባ፣ ቅርጹን ይዞ የቆመው። ሁላችንም የምንጠላው ዝገት። ጸጉሬ ከሻሼ ሥር ሲቆም ተሰማኝ።

"አጂብ!" አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ቄሰ ገበዝ መስቀሏን እንደያዙ አጉሊውን እኔ ዓይናቸው ላይ አሰርኩላቸው። አዩ። "አጂብ!" አሉ እሳቸውም። ቀጥለውም በሹክሹክታ፣ "በክፉ ቀን አባቶች በግምጃ ጠቅልለው ቀበሯት ይባል ነበር። ተረት ይመስለኝ ነበር።"

"ግምጃ አይደለም፣ አባቴ" አለች እትዬ ሰናይት። "የእጅ ፈትል ጥጥ ነው። ወደ ጫፉ ይመልከቱ። ተቀዶ የተጣፈበት ቦታ አለ፤ የመርፌው እርምጃ ይታያል። አዲስ ጨርቅ አልነበራትም። ምናልባት የለበሰችውን አውልቃ…"

"ሴት መሆኗን አየሽው?" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ እስከ እንባ ሳቀች። "አላየሁም። ጻፊ፤ 'የተጣፈ የፈትል ጨርቅ' ብቻ ብለሽ ጻፊ።"

ጻፍኩ። ዓይኔን ከመስቀሏ ላይ ሳላነሣ ስለጻፍኩ ያቺ መስመር እስከ ዛሬ የዝንብ እግር ትመስላለች። በዚያ በረንዳ ላይ ግን ሦስታችንም ስለ አንድ ሰው ነበር የምናስበው፤ ስሙን ስለማናውቀው፣ ያለውን አንድ ጨርቅ ሰጥቶ ስለሄደው። ያ ሁሉ ከሎሚና ከአመድ የተረፈው በአንድ ሌሊት ብልጫ ነው።

በከተራ ቄሰ ገበዝ ትልቁን መስቀል ሳያሹ ይዘውት ወጡ። ጠርዙ ቡናማ እንዳለ ነው፣ እንደ ዱሮው አያበራም። አባቴና እኔ ሱቁ በር ላይ ቆመን ነበር። ሕዝቡ መሐል ጉምጉምታ ተነሣ፤ አንዲት ሴትዮ ደፍራ "ቄሰ ገበዝ፣ ዘንድሮ አመድ ጠፋ እንዴ?" አለቻቸው።

"አመዱማ ሞልቷል፣ እቴ" አሉ ሳይቆሙ። "የጠፋውስ ፊት ነው።"

ሴትዮዋ አልገባትም። ግን ለማየት ቀረብ አለች። ከኋላዋም ሌላ ሰው ቀረበ። በዚያ ቀን መስቀሉን ከሩቅ ያየው ጥቂት ነው፤ ከቅርብ ያየው ግን ብዙ ነበር።

ትናንት ፎቶውን ይዤላቸው ኮረብታው ላይ ወጣሁ። መስቀሉን ሙዚየም ድረስ ራሳቸው ናቸው ጭናቸው ላይ አድርገው በአውቶቡስ የወሰዱት፤ ለጥምቀት እንዲመለስም አስምለው ነው የተለዩት። ስልኩን ቀረብ አድርገው አዩ። "ከሱቃችሁ ይልቅ ያ ሙዚየም ብርሃን አለው" አሉኝ። ከዚያ ጽሑፏን ጮክ ብዬ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አሁን ሳስበው፣ መጻፍ የቻልኩት ያኔ ይመስለኛል፤ የምጽፍለት ሰው ፊት ተቀምጬ፣ ደግሜ ላነብለት የማላፍርበትን ቃል ስፈልግ።

እኔ ዜናዬን ስጨርስ እሳቸው የራሳቸውን አወጡ። እትዬ ሰናይት አጉሊ መነጽር ልካላቸዋለች። ዘወትር ቅዳሜ፣ ከጸሎት መልስ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አረንጓዴዋን መስቀል በእጃቸው ይዘው ያሳያሉ። ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ተማሪውም ከገበያ የሚመለሰውም እየጎነበሰ ያያል። ታዲያ አንድ ጥያቄ ተነሥቷል። ከመርፌው እርምጃ ጎን ባለችው ጥፍር በምታክል ቦታ ላይ ስንት ክር አለ? እኔ ሠላሳ አንድ ብያለሁ። አባቴ ሃያ ስምንት አለ፤ ነጋዴ ስለሆነ ይቀንሳል። ቄሰ ገበዝ ሠላሳ ሦስት ላይ ጸንተዋል። እስካሁን የተስማማ ሁለት ሰው የለም፤ ክርክሩ ደብሩን አልፎ ገበያው ውስጥ ገብቷል።

"ጸሐፊ ሆነሻል አይደል? እንግዲያው ለሰው ሁሉ ንገሪልኝ" ብለውኛል። ይኸው ነገርኳችሁ። ወደ መካነ ሰላም የምትመጡ ሁሉ፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይዋ በረንዳው ላይ ስታርፍ ኑ። መንገዱን የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ ቁጥሩን ጨምሮ ይነግራችኋል፤ አትመኑት። እሳቸው ይይዙላችኋል፤ እናንተ ቁጠሩ።